የጋና ሰላም ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም

(አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ነው የቀረበው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ። እናቶችና አባቶችም መጥታችኋል፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ከሰዓትን ትቶ ስለ አንዲት የምዕራብ አፍሪካ አገር ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። አዘጋጆቹንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጋና ነው። ለሥራ ሄጄ አክራ ኖሬያለሁ፤ ከአክራም ወጣ እያልኩ ኩማሲን፣ ታማሌን፣ የባሕር ዳርቻ ከተሞቹን አይቻለሁ። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ጋና ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ኳስ፣ አይደል? የ2010ሩን የዓለም ዋንጫ የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ግማሹ ቤት ነው! ሱዋሬዝ ግብ ሊሆን የደረሰውን ኳስ በእጁ ሲመልስ፣ አሳሞአ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን አግዳሚው ላይ ሲያስመታው፣ እዚህ አዲስ አበባም ጭንቅላቱን ያልያዘ ሰው አልነበረም። ከኳሱ ቀጥሎ ጋናን ወደ ነፃነት የመሯት ንክሩማህ ትዝ ይሉናል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

አንድ ሌላ የምንለው ነገር ግን አለ። "ጋናዎች እኮ ሲፈጥራቸው ሰላማዊ ናቸው" እንላለን። ይህን ከስንት ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን አባባል እንድትተዉት ልለምናችሁ ነው። ጋና አምስት ጊዜ መፈንቅለ መንግሥት የተካሄደባት አገር ናት። አምስት ጊዜ! የቀድሞ መሪዎቿን በጥይት የረሸነች አገር ናት። ሰላሟን ሠርታ ነው ያመጣችው። ሠርታ! ሲፈጥራቸው ነው ካልን እኮ እኛ ከእነሱ የምንማረው ምንም ነገር የለም ማለት ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ ምድሯን፣ ሕዝቧን፣ መንግሥቷን። በምድሯ ላይ ብዙ አልቆይም። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

አንደኛው እንግዲህ ምድሯ ነው። ጋና 238,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ትሰፋለች። የኢትዮጵያን አንድ አምስተኛ ትንሽ አለፍ ትላለች ማለት ነው። በምዕራብ ኮት ዲቯር፣ በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ በምሥራቅ ቶጎ ያዋስኗታል፤ ሦስቱም የፈረንሳይ ቅኝ የነበሩ ናቸው። በደቡብ ባሕር ነው፣ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ። ዜሮ ዲግሪ የሚባለው የግሪንዊች መስመር ከአክራ አጠገብ ባለችው የወደብ ከተማ በቴማ በኩል ያልፋል። ከፍታ የሚባል ነገር ደግሞ ብዙም የላትም። ትልቁ ተራራዋ አፋጃቶ 885 ሜትር ያህል ነው። አሁን የተቀመጥንበት አዳራሽ ከጋና ትልቁ ተራራ ጫፍ ከእጥፍ በላይ ከፍ ይላል! እንግዲህ ሙቀቱን ገምቱት። አክራ ከአውሮፕላን ስትወርዱ አየሩ እርጥብ ፎጣ ፊታችሁ ላይ የጣሉባችሁ ያህል ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሃርማታን የሚሉት ነፋስ ከሰሃራ አቧራ ይዞ ይመጣል። ሰማዩ ይነጣል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጠዋት የወለወላችሁት ጠረጴዛ ማታ ላይ ጣት ያጽፋል።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የደቡቡንና የሰሜኑን ልዩነት ነው። ደቡቡ ጫካ ነው። በዓመት ሁለቴ ይዘንባል፣ ካካዎ ይበቅላል፣ ወርቅ አለ፣ ወደብ አለ። ሰሜኑ ሣራማ ሜዳ ነው፤ ዝናቡ በዓመት አንዴ ነው፤ ድህነቱም የከፋ ነው። ስለዚህ የሰሜን ልጃገረዶች ወደ አክራና ወደ ኩማሲ ገበያዎች ይሰደዳሉ። ካያዬ ይሏቸዋል። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ትልቅ የብረት ሳህን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ሳህኑ ውስጥ የሰው ቲማቲም፣ የሰው ሩዝ፣ የሰው ጨርቅ ሞልታ፣ አንዳንዴም ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል "አጎ! አጎ!" እያለች ታልፋለች። አሳልፉኝ ማለቷ ነው። ማታ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የምታድረው። ጋና ስትባል ይህችም ልጅ አለችበት፣ አትርሷት።

ከምድሩ ሳልወጣ የቮልታን ወንዝ ነገር ላንሳ። ከ1961 እስከ 1965 ድረስ አኮሶምቦ ላይ ግድብ ሠሩ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃ 8,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በስፋት ከዓለም ሰው ሠራሽ ሐይቆች ግንባር ቀደም ከሚባሉት ነው። ጣናን ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ከአገሪቱ መሬት ከመቶ ሦስት ተኩል ያህሉ ውሃ ሆነ። ሰማንያ ሺህ ያህል ሰው ከቀዬው ተነሣ። መብራት መጣ፤ ለቶጎና ለቤኒን እስከ መሸጥ ደረሱ። ግን ደግሞ ከኃይሉ የአንበሳውን ድርሻ በርካሽ ዋጋ ይወስድ የነበረው ቴማ ላይ በአሜሪካ ኩባንያ የተቋቋመው የአሉሚኒየም ፋብሪካ ነበር። ጫካውም ሳይመነጠር ስለነበር ውሃው የተኛበት ዛፉ እንደቆመ ነው። ዛሬም ጀልባዎች ከውሃ በታች ያለ ግንድ እየመቱ ይገለበጣሉ፣ ሰው ይሞታል።

አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ጀልባ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ከወዴት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ከኢትዮጵያ አልኳቸው። "እናንተም ትልቅ ግድብ እየሠራችሁ ነው አሉ" አሉኝ። አዎ አልኳቸው በኩራት። ዝም ብለው ቆዩና በእጃቸው ወደ ውሃው መሃል እያመለከቱ "እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው" አሉኝ። ግድቡን አልረገሙም፤ ልጆቻቸው በመብራት ተምረዋል። ግን የአባታቸው መቃብር የት እንዳለ ማሳየት አይችሉም። ስለ ልማት ስናወራ እኚህ ሰውዬ አብረውን ይቀመጡ፤ ልመናዬ ይኸው ነው።

ይህን ግድብ ንክሩማህ ጥር 1966 መረቁት። በሚቀጥለው ወር፣ የካቲት 24፣ ከሥልጣን ወረዱ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ሕዝቧ ነው። በ2021 ቆጠራ 30.8 ሚሊዮን ሆነዋል። ግማሽ ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው አካን ናቸው፤ አሻንቲዎቹም ፋንቴዎቹም አካን ናቸው። በሰሜን ዳጎምባና ዘመዶቹ፣ በምሥራቅ ኤዌ፣ አክራና አካባቢዋ ደግሞ ጋዎች አሉ። የመንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ የገበያው ግን በብዛት ትዊ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ሲኖር ማንም አይደነቅም።

አካኖች ልጅን በተወለደበት ቀን ይጠሩታል። ኮፊ ዓርብ የተወለደ ነው፣ ክዋሜ ቅዳሜ፣ አማ ቅዳሜ የተወለደች ሴት ናት። ኮፊ አናን ዓርብ ተወልደዋል ማለት ነው፤ ክዋሜ ንክሩማህ ቅዳሜ። ጎረቤቴ አንቲ (ታላቅ ሴትን እንዲያ ነው የምንጠራው) ገና በተዋወቅን ሳምንት "በምን ቀን ተወለድክ?" አሉኝ። ለእናቴ ደወልኩላት። "የመድኃኔዓለም ዕለት ነዋ!" አለችኝ። ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ግን አታውቀውም። የኛ ሰው ቀኑን በታቦት ነው የሚያውቀው። ቀን መቁጠሪያ አገላብጠን ዓርብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ኮፊ ነው የሚለኝ። አትክልት ሻጯ ኮፊ፣ ዘበኛው ኮፊ፣ የሰፈር ሕፃናት ሁሉ ኮፊ። እንግዳነቴ በአንድ ቀን አበቃ።

ሌላው፣ አካኖች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው። እንደ ልማዱ ሰውዬው ሲሞት ርስቱ የሚያልፈው ለእህቱ ልጅ ነው፤ ለገዛ ልጁ አይደለም። ይህ በሚስትና በልጆች ላይ ብዙ በደል ሲያመጣ ስለኖረ በ1985 ሕግ ወጣ፤ ሟች ሳይናዘዝ ከሞተ ሚስትና ልጆች ድርሻቸውን እንዲያገኙ። ባህላቸውን አልጣሉም፣ ጎጂውን ግን በሕግ አረሙት። ይህን የምነግራችሁ ለመንግሥቱ ወሬ ስለሚጠቅመኝ ነው።

ስለ አሻንቲዎች ሳልናገር ባልፍ ኩማሲ የማውቃቸው ሰዎች ይቀየሙኛል። የአሻንቲ መንግሥት ማኅተሙ ዙፋን ነው፣ የወርቁ ዱካ። ንጉሡ እንኳ አይቀመጥበትም፤ የሕዝቡ ነፍስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው ብለው ያምናሉ። አሁን ይህን ስሙኝ። በ1896 ጥር ላይ እንግሊዞች ኩማሲ ገብተው ንጉሥ ፕሬምፔን ያለ ጦርነት ያዟቸው፣ ለስደትም ዳረጓቸው። በዚያው ዓመት፣ ሳምንታት ቆይቶ፣ እዚህ አድዋ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። አንዱ አፍሪካዊ ንጉሥ በግዞት፣ አንዱ በድል፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ አህጉር!

አሻንቲም ግን አልተኛችም። በ1900 የእንግሊዙ ገዢ ሆጅሰን ኩማሲ መጥቶ "የወርቁን ዱካ አምጡልኝ፣ ልቀመጥበት" አለ። አለቆቹ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ የኤጂሱ ንግሥት እናት ያኣ አሳንቴዋ ተነሡ፤ ጦሩንም መሩት። ሴት ናቸው፣ በዕድሜም የገፉ ናቸው። ጦርነቱን ተሸነፉ፣ ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ተጋዙ፣ በ1921 እዚያው አረፉ። የወርቁ ዱካ ግን በእንግሊዝ እጅ አልገባም! አንድ ጊዜም አልገባም። እቴጌ ጣይቱን እያወቅን ያኣ አሳንቴዋን አለማወቃችን በእውነት ይቆጨኛል።

ሌላም የሚያገናኘን ቁስል አለ። የእንግሊዝ ጦር በ1868 መቅደላን ዘረፈ፤ በ1874 ደግሞ ኩማሲን። ስድስት ዓመት ብቻ! ከሁለቱም የተዘረፈው ቅርስ ለንደን፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ፣ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው፣ ይገኛል። በ2024 ከዚያ ሙዚየምና ከብሪቲሽ ሙዚየም 32 የአሻንቲ ቅርሶች ኩማሲ ቤተ መንግሥት ሙዚየም መጡ። መጡ ስላችሁ ግን በውሰት ነው። ሦስት ዓመት፣ ቢራዘም ሌላ ሦስት ዓመት። የራስን ዕቃ መዋስ! ጋናውያንም በዚህ ተከራክረዋል። "ከነጭራሹ ከሚቀር ልጆቻችን ይዩት" ያለ አለ፤ "የሰረቀ ሰው አያበድርም" ያለም አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሆኖም ኩማሲ ላይ ያን ወርቅ ለማየት የተሰለፈውን ተማሪ ሳስብ የመጀመሪያዎቹንም አልኮንንም።

ስለ ባሪያ ንግድ ምሽጎቹ በአጭሩ። ፖርቹጋሎች ኤልሚናን በ1482 ሠሩ፤ ኮሎምበስ አሜሪካ ከመድረሱ አሥር ዓመት በፊት ማለት ነው። ኬፕ ኮስት ያለው ምሽግ ውስጥ ወንዶቹ ከታጎሩበት ጨለማ ጉድጓድ በላይ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በላይ መዝሙር፣ በታች ሰንሰለት። አስጎብኚው መብራቱን አጠፋና ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። ከአሜሪካ የመጡ ሴት ግድግዳውን ይዘው ያለቅሳሉ። አስጎብኚው ከዚያ በኋላ የተናገረውን ነው የማከብርለት፤ ነጭ ገዛ፣ የእኛም ነገሥታት ሸጡ አለ፤ አልሸፋፈነም።

እሺ፣ ሦስተኛው። የመጣሁበት ጉዳይ፣ መንግሥቷ።

ጋና ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው መጋቢት 6 ቀን 1957 ነው። ከሰሃራ በታች ካሉ ቅኝ ግዛቶች ቀድማ ነፃ የወጣች ጥቁር አገር ሆነች። ባንዲራዋን እዩት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ኮከብ። ቀለሞቹን ከየት አውቃችኋቸዋል? ንክሩማህ በ1935 ወጣት ሆነው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲያልፉ ለንደን ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚናገር የጋዜጣ ሰሌዳ ያያሉ። ለንደን በሙሉ እኔ ላይ ጦርነት ያወጀች ያህል ተሰማኝ ብለው ጽፈዋል። በ1963 ደግሞ እዚሁ ከተማችን መጥተው አፍሪካ ዛሬውኑ አንድ ትሁን ብለው ተከራከሩ። ሐውልታቸውም እዚሁ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሟል። ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ።

የማይነገረው ግን ይኸውላችሁ። ያው ንክሩማህ በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ ለዓመታት የሚያሳስር ሕግ አወጡ። በ1964 አገሪቱን የአንድ ፓርቲ አገር አደረጓት። ለነፃነት የታገሉት ዳንኳ በ1965 እስር ቤት ሞቱ። ንክሩማህን እወዳቸዋለሁ፤ ስለምወዳቸው ነው ይህን የምናገረው። አኮሶምቦን በመረቁ በማግሥቱ ወር፣ ወደ እስያ ጉዞ ላይ ሳሉ፣ ወታደሩ ገለበጣቸው። በአክራ ጎዳናዎች ሕዝብ ጨፈረ። ወደ አገራቸው በሕይወት አልተመለሱም፤ በ1972 ቡካሬስት አረፉ።

ከዚያ በኋላ ጋና የወታደር መጫወቻ ሆነች። 1966፣ 1972፣ 1978፣ 1979፣ 1981። ቁጠሩልኝ፤ አምስት። በ1979 የበረራ መኮንኑ ጄሪ ሮሊንግስና ጓደኞቹ ሦስት የቀድሞ የአገር መሪዎችን ረሸኑ። በ1982 ሦስት ዳኞች በሌሊት ከቤታቸው ተወስደው ተገደሉ። እንግዲህ "ሲፈጥራቸው ሰላማዊ" የምንላቸው ጋናውያን እነዚህ ናቸው! እንደኛው ሰው ናቸው።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? በ1992 በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ፕሬዚዳንቱ አራት ዓመት ይገዛል፣ ቢበዛ ሁለቴ። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ካልሞላ ሁለቱ መሪዎች እንደገና ይወዳደራሉ። አንቀጽ 55ን ስሙልኝ፤ ፓርቲ በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ሊመሠረት አይችልም፤ ስሙም ምልክቱም የአንድ ወገን ሊሆን አይችልም። አንቀጽ 276 ደግሞ ባህላዊ አለቃ በፓርቲ ፖለቲካ ውስጥ እንዳይሳተፍ ይከለክላል። መግባት ከፈለገ ዙፋኑን ይልቀቅ። ንጉሡ ከፖለቲካ ስለወጣ ክብሩ ቀረ? እንዲያውም ተረፈለት። በ2002 በሰሜን የዳጎምባው ንጉሥ ያ ና ተገድለው አካባቢው ለዓመታት ሲታመስ፣ በመጨረሻ ያስታረቁት በአሻንቲው ንጉሥ ኦሴይ ቱቱ ዳግማዊ የሚመሩ ሦስት አለቆች ናቸው። በ2019 አዲስ ንጉሥ ነገሠ። የፓርቲ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር?

ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም። የ1992ቱ ምርጫ ተጭበርብሯል ተባለ፤ ተቃዋሚዎች ከፓርላማ ምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። ከዚያ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው። ከ1994 ጀምሮ የምርጫ ኮሚሽኑና ፓርቲዎቹ በየጊዜው አንድ ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጡ መነጋገር ጀመሩ። የመራጮች መዝገብ እንዴት ይሁን? ሳጥኑ ምን ዓይነት ይሁን? ለ1996ቱ ምርጫ ሳጥኑ ውስጡ የሚታይ፣ ግልጥልጥ ያለ እንዲሆን ተስማሙ። ኮሚሽኑን የመሩት አፋሪ ጂያን ከ1993 እስከ 2015 ቆዩ። አሰልቺ ሥራ ነው። ፎቶ የሚነሣለት ዓይነት ሥራ አይደለም። ስብሰባ፣ ክርክር፣ እንደገና ስብሰባ። ሰላም ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ያየሁት ይኸው ነው።

በ2016 ምርጫ ቀን አንቲ ወደ ምርጫ ጣቢያቸው ይዘውኝ ሄዱ። ትምህርት ቤት ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ድምፅ መስጠት አበቃ። ሰው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። እንዲያውም ከየቤቱ እየወጣ መጣ። ሳጥኑ ሁሉም ፊት ተከፈተ። አስመራጩ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ የተመረጠውን ይጠራል፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል፤ "መቶ አንድ! መቶ ሁለት!" መሸ። ልጆቹ የስልካቸውን መብራት አበሩለት። ሲያልቅ ውጤቱ ሮዝ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ የየፓርቲው ወኪል ፈረመ፣ ግልባጩንም ወሰደ። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ፎቶ እያነሣ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ላከ። አሁን ንገሩኝ፤ ይህን ቁጥር አክራ ላይ ተቀምጦ ማን ሊለውጠው ይችላል? ሕፃኑ ሁሉ ያውቀዋል እኮ!

የአንቲ ፓርቲ በሥልጣን ላይ ነበር፤ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንት ማሃማ ምርጫው በተካሄደ በሁለተኛው ቀን ስልክ ደውለው ለአኩፎ አዶ እንኳን ደስ ያለህ አሉ። በማግሥቱ አንቲ እንደወትሯቸው ኬንኬያቸውን (ከቦካ የበቆሎ ሊጥ የሚቀቀል ምግብ ነው) ጠቅልለው ሊሸጡ ሲወጡ አገኘኋቸውና አዘኑ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "አራት ዓመት ሩቅ አይደለም ኮፊ" አሉኝ። ይህን ሊል የሚችለው አራት ዓመቱ በእርግጥ እንደሚመጣ የሚያምን ሰው ነው። የሚቀጥለው ምርጫ እንደማይቀር ያወቀ ሰው ድንጋይ አያነሣም።

እንዲህ ያለው እምነት በአንድ ቀን አልተገነባም። በ2000 ተቃዋሚው ኩፎር አሸነፉ፤ ፕሬዚዳንቱ ሮሊንግስ፣ ያ በ1979 እና በ1981 ሁለቴ በመሣሪያ ሥልጣን የያዘ ሰው፣ አስረክቦ ቤቱ ገባ። በ2008 አታ ሚልስ ያሸነፉት በወደ 40 ሺህ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከሚሊዮኖች ውስጥ! ገዢው ፓርቲ አስረከበ። በ2012 ሐምሌ ሚልስ በሥልጣን ላይ እያሉ ሲሞቱ ምክትላቸው ማሃማ በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተካሄደው ምርጫ የተሸነፉት አኩፎ አዶ ወደ ጎዳና አልወጡም፣ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ችሎቱ ለወራት በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሰው ሥራ ቦታው ሆኖ፣ ትሮትሮ ውስጥ ሆኖ (ትሮትሮ የእነሱ ሚኒባስ ነው፣ ወያላውን ሜት ይሉታል) ስለ ሮዝ ወረቀት ሲከራከር ከረመ። ነሐሴ 2013 ተፈረደባቸው። በፍርዱ አልስማማም ግን እቀበለዋለሁ አሉ፤ ለማሃማም ደወሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2024 ደግሞ የገዢው ፓርቲ ዕጩ ባውሚያ ኮሚሽኑ ውጤት ሳያሳውቅ፣ በማግሥቱ ጠዋት፣ መሸነፋቸውን ተናገሩ። ማሃማ ተመለሱ። የአንቲ ሰው ማለት ነው! የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ናና ጄን ኦፖኩ አጄማንግም ያኔ ተመረጡ።

ሬዲዮውን አትርሱት። ከ1995 ጀምሮ የግል ጣቢያዎች ተከፈቱ። በ2001 ጋዜጠኛን በስም ማጥፋት ወንጀል የሚያሳስረው ሕግ ተሰረዘ። ጠዋት ትሮትሮ ውስጥ በትዊ የፖለቲካ ክርክር ይለቀቃል፤ ተሳፋሪው ይከራከራል፣ ይጯጯሃል፣ ፌርማታው ሲደርስ "ወራጅ!" ብሎ ይወርዳል። ያገር ሚኒስትር ስሙ ተጠርቶ ሲሰደብ ማንም ዞር ብሎ ጀርባውን አያይም።

አሁን ገነት ነው እንዳትሉ። በ2021 ጥር የፓርላማ መቀመጫ እኩል 137 ለ137 ሆኖ አፈ ጉባኤ ሲመርጡ ተደባደቡ፣ ወታደርም አዳራሹ ውስጥ ገባ። በ2022 መጨረሻ አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፣ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 54 ደረሰ፤ አንቲ ኬንኬው ትንሽ ሆነ ብለው በስልክ ሲነግሩኝ አስታውሳለሁ። በሰሜን ምሥራቅ ባውኩ ላይ የአለቅነት ጠብ እስካሁን ሰው ይገድላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጋላምሴይ ነው፣ ሕገ ወጡ የወርቅ ቁፋሮ። ፕራ፣ ኦፊን፣ አንኮብራ የሚባሉት ወንዞች ቡና በወተት መስለዋል፤ ውሃው በሜርኩሪ ተበክሏል። የካካዎ ማሳ እየተቆፈረ ጉድጓድ ሆኗል። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ በጭቃው ብዛት ምርቱን ለመቀነስ ተገዷል። በ2025 ነሐሴ የመከላከያና የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮቹ ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ የሞቱት ወደ ኦቡዋሲ፣ ስለዚሁ ስለ ማዕድን ጉዳይ ሲሄዱ ነው። ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ተቃዋሚ ሲሆኑ ጋላምሴይን ያወግዛሉ፤ ሥልጣን ሲይዙ ግን ከቆፋሪው ድምፅ፣ ከነጋዴው ገንዘብ ይፈልጋሉ። ድምፅን በንጹሕ መቁጠር ወንዝን ንጹሕ አያደርግም።

ጋናውያንም ይህን ያውቁታል። የወረዳ አስተዳዳሪውን ሁሉ ፕሬዚዳንቱ ለምን ይሾማል? አብዛኞቹ ሚኒስትሮች የፓርላማ አባል ከሆኑ ፓርላማው ማንን ይቆጣጠራል? ይሉና በየሬዲዮው ይጠይቃሉ። በ2025 መጀመሪያም ማሃማ ሕገ መንግሥቱን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁመዋል። ክርክሩ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ እኔም እየተከታተልኩት ነው።

ሰዓቴን አልፌያለሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ። አሁን የእናንተ ተራ ነው። አንቀጽ 55 እኛ አገር ይሠራል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ጠይቁኝ። እንከራከርበት። ማይኩን ለዚያች ለሁለተኛ ረድፍ ልጅ ስጧት፤ እጇን ካነሣች ቆይታለች።